«ጌት» ማለት «ማግኘት» ብቻ ነው ያለው ማነው?

እንግሊዝኛ የተማርን ሰዎች በሙሉ ማለት ይቻላል አንድ ቀን ደብተራችን ላይ «ጌት ማለት ማግኘት» ብለን ፅፈን አልፈናል። ስህተት አይደለም፣ ግን ጎዶሎ ነው። ምክንያቱም ከዛ በኋላ ፊልም ስታዩ ወይ አሜሪካ ያለ ዘመድ ከልጆቹ ጋር ሲያወራ ስትሰሙ ይሄ ቃል በየአረፍተ ነገሩ ይመጣል፣ ግማሹ ቦታ ላይ ደሞ ምንም የተገኘ ነገር የለም። ሰውየው ደከመኝ ሲል ጌት፣ ቤት ገባሁ ሲል ጌት፣ አልገባኝም ሲል ጌት፣ ከስራ ተባረርኩ ሲልም ጌት። ከስራ መባረር ውስጥ ደሞ ምን ማግኘት አለ? (የግቢ በር የሚባለውን ጌት እያወራሁ አይደለም፣ በኛ ፊደል ሁለቱም አንድ አይነት ስለሚፃፉ ነው።)

ብዙ ሰው «ቃላት አጥንቻለሁ፣ ሰዋስውም አውቃለሁ፣ ሲያወሩ ግን አይገባኝም» የሚለው አንዱ ምክንያት እንደዚ አይነት ትንንሽ ቃላት ናቸው። ከባዱን ቃል ዲክሽነሪ ይፈታዋል። ጌትን ዲክሽነሪ ላይ ብትፈልጉት ግን ገፅ ሙሉ ትርጉም ተደርድሮ ይጠብቃችኋል፣ ያንን በቃል ልያዝ ያለ ሰው እስከ መቼም አይጨርስም። ስለዚ እዚህ የማደርገው ሌላ ነው፣ ትርጉሞቹን አንድ የሚያደርጋቸውን ነገር እንይዝና ያንኑ ስራ እኛ በአማርኛ በምን እንደምንሰራው እናያለን።

ታዲያ ዋናው ትርጉሙ ምንድነው?

ጌት ባጭሩ ካልነበሩበት ሁኔታ ወደ አዲስ ሁኔታ ማለፍ ነው። ደብዳቤው እጄ ላይ አልነበረም፣ አሁን አለ። ቤት አልነበርኩም፣ አሁን ነኝ። አልደከመኝም ነበር፣ አሁን ደክሞኛል። ስራ ነበረኝ፣ አሁን የለኝም። አራቱም በእንግሊዝኛ ጌት ናቸው። ቃሉ ራሱ ወዴት እንደታለፈ አይናገርም፣ መታለፉን ብቻ ነው የሚናገረው። የአዲስ አበባን ሚኒባስ አስቡ፣ መኪናውን አይታችሁ መገናኛ ይሂድ ሜክሲኮ አታውቁም፣ ታፔላውን ነው የምታነቡት። የጌት ታፔላ ከኋላው የሚመጣው ቃል ነው። ስም ከመጣ አንድ መስመር፣ ቦታ ከመጣ ሌላ መስመር፣ ሌላ ግስ ከመጣ ደሞ ሌላ።

አማርኛ ላይ ለጌት በጣም የሚቀርበው ቃል «አገኘ» ሳይሆን «ደረሰ» ይመስለኛል። እስቲ እዩት፣ ደብዳቤው ደረሰኝ እንላለን፣ ቤት ደረስኩ እንላለን፣ ምሳ ደረሰ እንላለን፣ አደጋ ደረሰበት እንላለን፣ ሚስጥሩን ስናውቅ ደሞ ደረስኩበት እንላለን። መቀበል፣ ቦታ መድረስ፣ መዘጋጀት፣ ክፉ ነገር ማግኘት፣ መረዳት፣ አምስቱም ውስጥ ያለው አንድ ግስ ነው፣ ማናችንም ደሞ በልጅነታችን ትርጉሙን በዝርዝር አላጠናንም። እንግሊዞቹም ጌትን እንደዛው ነው የያዙት። በነገራችን ላይ ይሄ የነሱ ብቻ አመል አይደለም፣ «አነሳ» የሚለውን አማርኛ ለሚማር ፈረንጅ አስረዱት እስቲ፣ ስልክ አነሳ፣ ፎቶ አነሳ፣ ጥያቄ አነሳ፣ ክርስትና አነሳ።

ስም ሲከተለውስ?

እዚህ ጋ ነው የደብተራችን ትርጉም የሚሰራው፣ ግን እዚህም ቢሆን ከማግኘት ይሰፋል። «አይ ጎት ኤ ጆብ» ስራ አገኘሁ ነው («ጎት» የጌት ያለፈ ጊዜ ነው)። «አይ ጎት ኒው ሹስ» ግን አብዛኛውን ጊዜ አዲስ ጫማ ገዛሁ ነው፣ መንገድ ላይ ወድቆ አገኘሁ አይደለም። «ካን ዩ ጌት ሚ ሰም ዋተር» ውሃ ታመጣልኛለህ ነው። «አይ ጎት ኤ ኮልድ» ጉንፋን ያዘኝ ነው፣ እኛ ጉንፋኑን ያዥ እናደርገዋለን እነሱ ሰውየውን ተቀባይ ያደርጉታል፣ ልዩነቱ ያ ብቻ ነው።

ስልክ ሲጮህ ወይ በር ሲንኳኳ አንዱ ተነስቶ «አይል ጌት ኢት» ካለ እኔ አነሳዋለሁ ወይ እኔ እከፍታለሁ ማለቱ ነው። ሬስቶራንት ውስጥ ቢል ሲመጣ «አይል ጌት ዚስ» የሚል ሰው ካለ ደሞ እኔ ልክፈል እያለ ነው፣ እኛ ጋ እንዳለው እጅ እየያዙ መታገል እነሱ ጋ ብዙም የለም፣ ሌላኛው «ኦኬ፣ ቀጣዩን እኔ» ብሎ ያልፈዋል፣ እና በሀገራችን ልማድ ሁለት ሶስቴ እንቢ ይለኛል ብሎ «ልክፈል» ያለ ሰው ሂሳቡን በሙሉ ከፍሎ ይወጣል።

ካፌ ውስጥ «ካን አይ ጌት ኤ ኮፊ» ማለት አሜሪካ የተለመደ ነው። እንግሊዝ ሀገር ደሞ ወጣቱ ቢለውም «ምን ማለት ነው፣ ባንኮኒውን ዞረህ ራስህ ልትቀዳ ነው?» ብሎ የሚያጉረመርም ሰው አለ፣ ለነሱ ያደጉበት «ካን አይ ሀቭ» ነው። ሁለቱም ቡናውን ያስመጣል።

«ደከመኝ» ለማለት ለምን ጌት ያስፈልጋል?

ይሄ ለአማርኛ ተናጋሪ ዋናው ቦታ ይመስለኛል፣ ስለዚ እዚህ ትንሽ እንቆይ።

በአማርኛ ራበኝ፣ ደከመኝ፣ መሸ፣ በረደ ስንል ለውጡ ግሱ ውስጥ ነው ያለው። መሸ ማለት ብርሃን ነበር አሁን ሄደ ማለት ነው፣ ሌላ አጋዥ ቃል አንፈልግም። እንግሊዝኛ ላይ ግን ድካም፣ ረሃብ፣ ጨለማ፣ ቅዝቃዜ ብዙ ጊዜ ግስ ሳይሆን ቅፅል ናቸው፣ ቅፅል ደሞ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ነገር ነው፣ አይንቀሳቀስም። ስለዚ የሚያንቀሳቅሰው ይፈልጋል። ዝም ብሎ ሁኔታውን መግለፅ ሲፈልጉ «አም» ወይ «ኢዝ» ይጠቀማሉ፣ ለውጡን መናገር ሲፈልጉ ጌት። «አይ አም ታየርድ» ደክሞኛል፣ አሁን ያለሁበትን ነው የነገርኳችሁ። «አይ ጎት ታየርድ» ደከመኝ፣ ማለትም ቀድሞ አልደከመኝም ነበር፣ ለምሳሌ ዳገቱ ጋ ስንደርስ ደከመኝና ተቀመጥኩ።

እኛ ታዲያ ምን እናደርጋለን፣ ሁሉንም በ«አም» እና በ«ዋዝ» እንጨርሰዋለን። ሰው ይረዳናል፣ ግን ታሪክ ስንናገር ነገሩ ቆሞ ይቀራል። «እየ...ነው» ብላችሁ የምትናገሩት ነገር ሁሉ ላይ ጌትን ሞክሩት። እየመሸ ነው «ኢትስ ጌቲንግ ሌት»፣ እየጨለመ ነው «ኢትስ ጌቲንግ ዳርክ»፣ እያረጀሁ ነው «አይም ጌቲንግ ኦልድ»፣ እየራበኝ ነው «አይም ጌቲንግ ሀንግሪ»። ታማሚ እንዴት ነው ተብላችሁ እየተሻለው ነው ማለት ከፈለጋችሁ «ሂ ኢዝ ጌቲንግ ቤተር»። ኑሮ እየተወደደ ነው? «ኤቭሪቲንግ ኢዝ ጌቲንግ ኤክስፔንሲቭ»፣ ይሄ እንኳን የትም ሀገር ይሰራል።

ወሰን ግን አለው። ሰው እንቅልፍ ሲወስደው «ፌል አስሊፕ» ነው የሚባለው፣ ጌት አስሊፕ አይባልም። ወተት ሲበላሽ «ዌንት ባድ» ነው። መወለድ ደሞ ሁሌም «ዋዝ ቦርን» ነው። ከሁሉም በላይ ሙያ ላይ ተጠንቀቁ። ዶክተር መሆን እፈልጋለሁ ለማለት «አይ ዋንት ቱ ጌት ኤ ዶክተር» ካላችሁ የሰማችሁ ሰው ደንግጦ «ማን ታመመ?» ነው የሚላችሁ፣ ምክንያቱም ዶክተር ስም ነው፣ ስም ሲከተለው ደሞ ማምጣት ወይ መጥራት ይሆናል። ለመሆን «ቢካም» ነው የሚያስፈልገው።

ከስራ መባረር ውስጥ ጌት ምን ይሰራል?

የኛን «ተ» ነው የሚሰራው። ባረረ፣ ተባረረ። መታ፣ ተመታ። ዘረፈ፣ ተዘረፈ። እኛ አንዲት ፊደል ከፊት እንጨምርና ድርጊቱ ሰውየው ላይ ደረሰ እንላለን፣ እነሱ ጌትን ያመጣሉ። «ሂ ጎት ፋየርድ» ተባረረ፣ «ሂ ጎት ሂት» ተመታ፣ «ሂ ጎት ሮብድ» ተዘረፈ፣ ለደስታውም ይሆናል፣ «ሂ ጎት ፕሮሞትድ» እድገት ተሰጠው፣ «ሂ ጎት ፔይድ» ተከፈለው።

ትምህርት ቤት ያስተማሩን ግን «ሂ ዋዝ ፋየርድ» ነበር፣ እሱስ? ልክ ነው፣ ዜና ላይም ደብዳቤ ላይም የምታዩት እሱን ነው። ጌት የንግግር ነው። ግን የአነጋገር ጉዳይ ብቻም አይደለም፣ «ዋዝ» አንዳንዴ ሁለት ትርጉም ይይዛል። ትዳርን እንውሰድ። «ሺ ጎት ማሪድ» አገባች ነው፣ ሰርጉ ተደረገ፣ አለቀ። «ሺ ዋዝ ማሪድ» ብቻውን ከተባለ ግን ባለትዳር ነበረች ተብሎ ሊሰማ ይችላል፣ ማለትም አሁን አይደለችም። ኤምባሲ ኢንተርቪው ላይ ወይ አዲስ መስሪያ ቤት ስለራሳችሁ ስትናገሩ አገባሁ ለማለት ፈልጋችሁ ተፋታሁ የሚል እንዳታስመስሉት። ደሞ ማግባት ላይ እኛ «ከ...ጋር» ስለምንል «ማሪድ ዊዝ» እንላለን፣ እነሱ «ማሪድ ቱ» ነው የሚሉት።

ሌላ ትንሽ ነገር፣ መሃሉ ላይ «ሂምሰልፍ» ከገባ ጥፋቱ ወደራሱ ይዞራል። «ሂ ጎት አረስትድ» ታሰረ ነው። «ሂ ጎት ሂምሰልፍ አረስትድ» በገዛ እጁ ራሱን አሳሰረ ነው። ዘመድ ስለ ዘመድ ሲያማ የሚመርጠው ሁለተኛውን ነው።

መጥፋትም እዚሁ ቤተሰብ ውስጥ ነው። «አይ ጎት ሎስት» መንገድ ጠፋኝ። በቁጣ «ጌት ሎስት!» ካሏችሁ ደሞ ጥፋ ከዚህ! ነው፣ እዚህ ላይ ሁለቱ ቋንቋዎች ሳይመካከሩ አንድ ቦታ ደርሰዋል።

«ፀጉሬን ቆረጥኩ» ብል ምን ችግር አለው?

ራስህ በመቀስ የቆረጥከው ሊመስል ይችላል። አማርኛ ላይ ፀጉሬን ተቆረጥኩ እንላለን፣ መኪናዬን አሰራሁ እንላለን፣ ልብሴን አሰፋሁ እንላለን፣ ስራውን ሌላ ሰው እንደሰራው ግሱ ራሱ ይናገራል። እንግሊዝኛ ላይ ስንገባ ግን ይቺን ነገር እንጥላትና «አይ ፊክስድ ማይ ካር» እንላለን፣ ሰሚው ደሞ መካኒክ ነህ እንዴ ይላል። ልክ የሚመጣው መጀመሪያ ጌት፣ ቀጥሎ እቃው፣ ከዛ በመጨረሻ የተደረገው ነገር ነው፣ «አይ ጎት ማይ ካር ፊክስድ»፣ «አይ ጎት ማይ ሄር ከት»፣ «አይ ጎት ማይ አይስ ቼክድ»። ይሄ የኛ «አስ» ስራ ነው ማለት ነው።

ይሄው ቅርፅ ደሞ ሳትፈልጉት ለደረሰባችሁ ነገርም ይሆናል፣ «አይ ጎት ማይ ፎን ስቶለን»። ስልኬን ተሰረቅኩ። ስልኬ ተሰረቀ አላልኩም፣ ስልኬን ተሰረቅኩ ነው ያልኩት፣ የሁለቱ ቋንቋዎች አሰራር አንድ አይነት ነው፣ ማንም ደሞ ሌባ ቀጥራችሁ ያሰረቃችሁት አይመስለውም።

በእቃው ቦታ ሰው ከገባ ማሳመን ወይ ማድረግ ይሆናል። «አይ ጎት ሂም ቱ ካም» ማለት ለምኜም አባብዬም እንዲመጣ አደረግኩት ነው፣ ድካም አለበት። «አይ ሜድ ሂም ካም» ካላችሁ ግን አስገድዳችሁታል። አንድ ልብ በሉ፣ ጌት ጋ «ቱ» አለ፣ «ሜድ» ጋ የለም።

«ጎት ቱ ሲ» ማየት አለብኝ ነው ወይስ ለማየት በቃሁ?

ሁለቱንም ነው፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ነው። «አይ ጎት ቱ ሲ ማይ ማዘር» ያለ ሰው ከብዙ አመት በኋላ እናቴን ለማየት በቃሁ እያለ ሊሆን ይችላል፣ እድሉ ደረሰኝ፣ ታደልኩ እንደማለት። «አይቭ ጎት ቱ ሲ ማይ ማዘር» ካለ ግን እናቴን ማየት አለብኝ ነው፣ ግዴታ ነው። ልዩነታቸው አንዲት «ቭ» ናት፣ ፈጠን ብሎ ሲነገር ደሞ እሷም ትዋጣለች። ታዲያ በምን ይለያል፣ በወሬው። ስላለፈው እያወራ ከሆነ እድል፣ ስለሚቀጥለው እያወራ ከሆነ ግዴታ። «ጋራ» ብላችሁ የምትሰሙት፣ «አይ ጋራ ጎ»፣ ይሄው የግዴታው ነው፣ መሄድ አለብኝ።

«አይ ጌት ቱ» ሆኖ ቀጥሎ ግስ ከመጣ ደሞ ብዙ ጊዜ እድል ነው፣ «አይ ጌት ቱ ወርክ ፍሮም ሆም» ከቤት ሆኜ መስራት ተፈቅዶልኛል። ግን ተጠንቀቁ፣ ከ«ቱ» ቀጥሎ የመጣው ቦታ ከሆነ መድረስ ነው፣ «አይ ጌት ቱ ወርክ አት ኤይት» ስራ ቦታ ሁለት ሰአት እደርሳለሁ (የነሱ 8 የኛ ሁለት መሆኑን እንዳትረሱ)። ቤት፣ እዚህና እዚያ ላይ ደሞ «ቱ» አይገባም፣ «ጌት ሆም»፣ «ጌት ሂር»፣ «ጌት ዜር» ነው።

መኪና «አለኝ» ለማለት ለምን ያለፈ ጊዜ ይጠቀማሉ?

«አይቭ ጎት ኤ ካር» ቅርፁን ካየነው አግኝቻለሁ ይመስላል፣ ትርጉሙ ግን አሁን አለኝ ነው። ግራ ያጋባል፣ ግን እኛም እኮ እንደዛ እናደርጋለን። ብር አለህ ወይ ስንባል «ይዣለሁ» እንላለን። ይዣለሁ ቅርፁ የተፈፀመ ነገር ነው፣ ትርጉሙ አሁን ኪሴ ውስጥ አለ ነው። ትናንት የያዝኩት ዛሬም እጄ ላይ ስለሆነ ነው። «አይቭ ጎት» ልክ እሱ ነው።

ዘፈን ላይ «አይ ጎት» ብቻ ወይ «አይ ዶንት ጎት» ስትሰሙ «ቭ» ተውጣ ወይ የሰፈር አነጋገር ሆኖ ነው። መስማት ችግር የለውም፣ ሁለተኛውን ግን ፈተና ላይ አትፃፉት።

«ጎት ኢት» ሲሉኝ ገባኝ ነው ወይስ ያዝኩት?

አብዛኛውን ጊዜ ገባኝ ነው። እኛ ነገሩ ወደኛ ገባ እንላለን፣ እነሱ ነገሩን አገኘሁት ይላሉ። «አይ ዶንት ጌት ኢት» አልገባኝም፣ በተለይ ቀልድ ላይ። ስራ ቦታ አለቃ ሲያስረዳ «ጎት ኢት» ብሎ መመለስ እሺ፣ ተረድቻለሁ ነው። «ጋቻ» የምትለዋም እሷው ናት፣ «ጎት ዩ» ተጣብቆ። «ጋቻ» ግን ሰው ሲሸወድም ትባላለች፣ ያዝኩህ! ሸወድኩህ! አይነት። ወጣቶቹ ደሞ «አይ ጎት ዩ» ሲሉ አይዞህ አለሁልህ ነው፣ «አይ ጎት ዚስ» ደሞ ለኔ ተዉት፣ እኔ እወጣዋለሁ።

ትንንሾቹ ቃላት ሲለጠፉበትስ?

እዚህ ጋ ብዙ ስለሆኑ ሁሉንም አልነካም፣ ጉድ የሚያፈሉትን ብቻ። መጀመሪያ መውጣትና መውረድ። መኪና ውስጥ አጎንብሳችሁ ገብታችሁ የምትቀመጡ ከሆነ «ጌት ኢን»፣ ስትወርዱ «ጌት አውት»። ቆማችሁ መራመድ የምትችሉበት ከሆነ «ጌት ኦን» እና «ጌት ኦፍ»። ስለዚ ላዳ ኢን ነው፣ ሀይገር ኦን ነው፣ ባቡርና አውሮፕላንም ኦን፣ ፈረስና ሳይክልም እላያቸው ላይ ስለሚወጣ ኦን። እኛ ግን «ውረድ» የሚለውን ቀጥታ ይዘን «ጌት ዳውን» እንላለን። አሜሪካ ውስጥ «ጌት ዳውን!» ዝቅ በል፣ መሬት ያዝ ነው፣ ተኩስ ሲኖር ወይ ፖሊስ ሲጮህ የሚባል። የታክሲ ሹፌር ሆናችሁ ተሳፋሪን እዚህ ውረድ ለማለት አትጠቀሙት።

«ዊል ጌት ባክ ቱ ዩ» የሚለውን ስራ ፈላጊ ሁሉ ሰምቶታል፣ እናሳውቅሃለን፣ መልሰን እንደውልልሃለን ነው። ቃል ኪዳን አይደለም፣ ሌላ ቦታ ማመልከታችሁን ቀጥሉ።

«ጌት ኦቨር» ከሀዘን ወይ ከፍቅር ህመም ተሻግሮ መውጣት ነው፣ ግን ትዕዛዝ ሆኖ «ጌት ኦቨር ኢት» ከተባለ በቃ ተወው ነገሩን ማለት ነውና የተጎዳ ሰው ላይ ያስቀይማል። «ጌት ባይ» እንደምንም ኑሮን መግፋት ነው፣ ደህና ናችሁ ሲባል «አይም ጌቲንግ ባይ» ያለ ሰው አለን እንግዲህ፣ እየገፋነው ነው እያለ ነው። «ጌት አሎንግ» ተግባብቶ መኖር፣ «ጌት ሪድ ኦፍ» መገላገል። «ጌት አዌይ ዊዝ» አጥፍቶ ሳይቀጣ ማለፍ ነው፣ ለዚህ አማርኛ ላይ አንድ ቁርጥ ያለ ቃል የለንም፣ ድርጊቱ ግን ሞልቷል። «ጌት አፕ» ደሞ ከአልጋ መነሳት ነው እንጂ መንቃት አይደለም፣ መንቃት «ዌክ አፕ» ነው፣ ስለዚ አንድ ሰው 12 ሰአት ነቅቶ 2 ሰአት ሊነሳ ይችላል።

ለምን ጆሯችን ላይ «ገሪት» ሆኖ ይሰማል?

አሜሪካኖች «ት» በሁለት አናባቢ መሃል ስትገባ ምላሳቸውን ላንቃቸው ላይ ነካ አድርገው ብቻ ያልፏታል። የሚወጣው ድምፅ የኛን «ር» ነው የሚመስለው፣ በጣም ነው የሚቀርበው፣ ምክንያቱም እኛም «ር»ን የምናወጣት ምላሳችንን አንዴ ነካ አድርገን ነው። ስለዚ «ጌት ኢት» ገሪት፣ «ጌት አፕ» ገራፕ፣ «ጌት አውት» ገራውት ይሆናል። አንድ ሰው የማይታመን ወሬ ስትነግሩት «ገራውራሂር!» ካላችሁ «ጌት አውት ኦፍ ሂር» ማለቱ ነው፣ ከዚህ ውጣ ሳይሆን ኧረ ባክህ! ነው። ለንደን ላይ ደሞ ብዙ ሰው «ት»ዋን ጉሮሮው ውስጥ ያስቀራታል፣ «ጌ'» ብሎ ቆም። ቃሉን እያወቃችሁት ሳትሰሙት የምታልፉት በዚህ ነው እንጂ ጆሯችሁ ችግር ኖሮበት አይደለም።

ቃሉ ከየት መጣ፣ «ጎተን»ስ ስህተት ነው?

ጌት መነሻው እንግሊዝ አይደለም። ከስካንዲኔቪያ በመርከብ የመጡት ቫይኪንጎች ከ793 ጀምሮ እንግሊዝን ሲወሩ ቆይተው ኋላ ላይ በሰሜንና በምስራቁ በኩል ሰፍረው ቀሩ፣ ከህዝቡ ጋር ሲጋቡና ሲነግዱ ቋንቋቸውም ገባ። «ጌታ» የሚባል ግስ ነበራቸው (ከኛ ጌታ ጋር አይገናኝም)፣ የዛሬው ጌት ከዛ ነው። ስካይ፣ ኤግ፣ ዊንዶው፣ ቴክ፣ «ዘይ» የሚለው ሳይቀር በዚሁ መንገድ የገቡ ናቸው። እንግሊዝኛው ራሱ የዚሁ ቃል የስጋ ዘመድ ነበረው፣ ግን ሌላ ነገር ላይ ተለጥፎ ብቻ ነበር የሚገኘው፣ አንዱ ዛሬም አለ፣ «ፎርጌት»። መርሳት ማለት ከእጅ ማምለጥ ነው እንደማለት።

«ጎተን»ን በተመለከተ አንዳንድ የእንግሊዝን እንግሊዝኛ የተማረ ሰው አሜሪካኖች ያበላሹት ነው ይላል። እውነታው ተቃራኒው ነው። እንግሊዞቹም ይሉት ነበር፣ በ1611 በወጣው የእንግሊዝኛ መፅሐፍ ቅዱስ ዘፍጥረት 4 ላይ ሔዋን ቃየንን ስትወልድ የምትለው «አይ ሄቭ ጎተን» ነው። በኋላ እንግሊዞቹ ተዉት፣ ባህር ተሻግረው የሄዱት ያዙት። «ፎርጎተን» ላይ ግን እንግሊዞቹም እስከዛሬ አልለቀቁትም። አሜሪካኖቹ ሁለቱንም ይዘው ስራ አካፍለዋቸዋል፣ «አይቭ ጎት» አለኝ፣ «አይቭ ጎተን» ደርሶኛል ወይ ሆኛለሁ። «ኢትስ ጎተን ኮልድ» በርዷል፣ ቅድም አልነበረም። ለአይኢኤልቲኤስ (ውጭ ለመማር ወይ ለመሄድ የሚፈተኑት የእንግሊዝኛ ፈተና) ሁለቱም ይሰራል፣ አንዱን መርጣችሁ እሱኑ ይዛችሁ መዝለቅ ነው።

ቢሮ ደብዳቤ ላይ መፃፍ ነውር ነው?

ነውር አይደለም፣ ግን ያቀለዋል። ማመልከቻ፣ ሪፖርት፣ የዩኒቨርሲቲ ፅሁፍ ላይ ጌት ሲበዛ ንግግር ይመስላል፣ ስለዚ ደረሰኝ ለማለት «ሪሲቭድ»፣ አገኘሁ «ኦብቴንድ»፣ ሆነ «ቢኬም»፣ ደረስኩ «አራይቭድ» ይሻላል። የሚያስቀው ግን ብዙዎቻችን ችግራችን ተቃራኒው መሆኑ ነው፣ እንግሊዝኛን ከመፅሐፍ ስለተማርን ሰፈር ውስጥ ዳቦ ገዝተን መጥተን «አይ ኦብቴንድ ብሬድ» እንላለን፣ ሰውየው ዳቦው በጨረታ የተገኘ ይመስለዋል። ለስራ ባልደረባ የሚላክ ኢሜይል ላይ «አይ ጎት ዩር ኢሜይል» ምንም አይልም፣ አይኢኤልቲኤስ «ጄነራል» የሚባለው የፈተናው አይነት ላይም ለጓደኛ ደብዳቤ ፃፉ ሲባል ጌት ቦታው ነው፣ ለመስሪያ ቤት ሀላፊ ሲሆን ወደ «ሪሲቭድ» ቀይሩት። ስልክ ላይ ከሆነ ግን ተቀባዩ ማንም ይሁን ማን «ዲድ ዩ ጌት ማይ ሜሴጅ?» ብላችሁ ጠይቁ፣ እነሱም እንደዛው ነው የሚጠይቁት።